ኔትወርኩ አይደለም፤ ፕሮግራምሽ ኢንተር እየጠበቀ ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በፓይተን፣ በዌብሶኬት (ሁለት ፕሮግራሞች ሳይዘጉት በሁለቱም አቅጣጫ የሚነጋገሩበት መስመር)፣ ተርሚናል ላይ የሚሠራ ቀላል ቻት ጽፋለች። ሰርቨሩ (መልእክት አስተላላፊው ፕሮግራም) ይነሳል፤ ሁለት ክላየንት (እያንዳንዷ የምትጽፍበት ፕሮግራም) ከፍታ ከጓደኛዋ ጋር ትሞክረዋለች። ሁለት ነገር አስቸግሯታል። «ጓደኛዬ የጻፈችው የሚታየኝ እኔ ኢንተር ስነካ ብቻ ነው። ሦስት መልእክት ልካ ከሆነ ደግሞ ኢንተር በነካሁ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ይመጣል» ትላለች። ሁለተኛው፦ «ትንሽ ዝም ካልኩ ኮኔክሽኑ ይቋረጣል። 1011 የሚል ቁጥርና ኪፕአላይቭ ፒንግ ታይምአውት የሚል ጽሑፍ አያለሁ። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ። ፓይተንን ትቼ ወደ ኖድ ልሂድ?»

ከመልሱ ልጀምር። ኔትወርኩ አይደለም። ወደ ኖድም፣ ማለትም ጃቫስክሪፕት ወደሚሠራበት መድረክ፣ አትሂጂ። ሁለት ያልሻቸው ችግሮች ደግሞ አንድ ናቸው፤ አንዱን ስታስተካክዪ ሌላውም አብሮ ይሄዳል።

እኛ ጋ ኔትወርክን መጠርጠር ልማድ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ስለሚሆን አይፈረድም። እኔም እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጀመሪያ የጻፍኩ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ራውተር ሳጠፋና ሳበራ፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ስቀያይር ነው ያለፈው። መልሱን ያገኘሁት ኔትወርኩን ጨርሶ ሳጠፋው ነው። አንቺም አሁኑኑ ሞክሪው። ዋይፋዩን አጥፊ። ሰርቨሩንም ክላየንቱንም በአንድ ላፕቶፕ ላይ አስነሺ፤ አድራሻው 127.0.0.1 ይሁን። ወደዚህ አድራሻ የተላከ ነገር ከማሽኑ አይወጣም፤ ገመድም አንቴናም አያስፈልገውም። ክላየንቱ ከተገናኘ በኋላ እጅሽን ከኪቦርዱ አንስተሽ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ከዚያ አንድ ነገር ጽፈሽ ኢንተር ንኪ። ያው 1011 ይመጣል። ኔትወርክ በሌለበት ኔትወርክ ሊቋረጥ አይችልም።

ታዲያ ምኑ ነው? የክላየንትሽ ሉፕ በቃላት ሲነበብ እንዲህ ይላል፦

ከኪቦርድ አንድ መስመር አንብብ።
ወደ ሰርቨሩ ላክ።
ከሰርቨሩ አንድ መልእክት ተቀበል።
ስክሪን ላይ አሳይ።
ወደ መጀመሪያው ተመለስ።

ችግሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። የፓይተን ኢንፑት ፈንክሽን ከተጠራ፣ ሰው ኢንተር እስኪነካ ድረስ አይመለስም። አምስት ሴኮንድም ይሁን አምስት ሰዓት እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። እስከዚያ ከሥሩ ያሉት መስመሮች ተራ አያገኙም። የጓደኛሽ መልእክት ኮምፒውተርሽ ድረስ በሰላም ደርሷል፤ የሚያነሳው ግን የለም። ኢንተር ስትነኪ ሉፑ አንድ ዙር ይዞራል፣ አንድ መልእክት ብቻ ያነሳል፣ ተመልሶ ኪቦርዱ ላይ ያፈጣል። ሦስቱ መልእክቶች በሦስት ኢንተር የመጡት ለዚህ ነው።

የሰፈር ባለሱቅ አስቢ። መስኮቱ ላይ አንድ ደንበኛ ምን እንደሚገዛ እያሰበ ቆሟል። ባለሱቁ ዓይኑን ሳይነቅል እሱን እሱን ብቻ ያያል። ከኋላው ስልኩ ይጮሃል፣ በጓሮ በር ዳቦ አምጪው ያንኳኳል። ሰውዬው አልደነቆረም። ደንበኛው አፉን እስኪከፍት ሌላ ነገር እንዳይሰማ ታዟል። ፕሮግራምሽም የታዘዘውን ነው የሚያደርገው።

አሁን ወደ 1011፣ ኮኔክሽኑ ለምን እንደተዘጋ ወደሚናገረው ቁጥር። የተጠቀምሽው ዌብሶኬትስ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የኤረሩ ቃል የእሱ ነውና። ይህ ላይብረሪ ካልከለከልሽው በቀር በየ20 ሴኮንዱ ለወዲያኛው ጫፍ ፒንግ የምትባል ትንሽ ፍሬም (የመልእክት ጥቅል) ይልካል። «አለህ?» እንደማለት ናት። ወዲያኛው ጫፍ ፖንግ ብሎ ይመልሳል። መልሱ በ20 ሴኮንድ ውስጥ ካልመጣ «ይሄ ሰው የለም» ብሎ ኮኔክሽኑን ይዘጋል። ፖንግ የመመለሱን ሥራ ላይብረሪው ራሱ ይሠራልሻል፤ አንቺ ኮድ አትጽፊለትም። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ኢቬንት ሉፑ፣ ማለትም የፕሮግራሙን ሥራዎች ተራ በተራ የሚያስኬደው ዙር፣ መዞር አለበት።

ሴኮንድ በሴኮንድ እንየው። በ0 ሴኮንድ ክላየንትሽ ተገናኘ፤ ኢንፑት ተጠራ፤ ሁሉ ነገር ቆመ። በ20ኛው ሴኮንድ ሰርቨሩ ፒንግ ላከ። ፒንጓ ኮምፒውተርሽ ገባች፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም በቲሲፒ (ኮምፒውተሮች ዳታ የሚለዋወጡበት) ደንብ «ደርሶኛል» ብሎ መለሰ። እስከዚህ ድረስ ኔትወርኩ ሥራውን ጨርሷል። ፒንጓን አንብቦ ፖንግ ማለት ያለበት ግን ያንቺ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ኪቦርድ ላይ አፍጧል። 40ኛው ሴኮንድ ላይ ሰርቨሩ ተስፋ ቆረጠና 1011 ብሎ ዘጋ። አንቺ በ60ኛው ሴኮንድ ኢንተር ስትነኪ ፕሮግራሙ ነቃ፤ ያገኘው የተዘጋ በር ነው።

ምናልባት አስተውለሽው ይሆናል፦ ቶሎ ቶሎ ስትጻጻፉ ቻቱ ደህና ይሠራል፤ ዝም ስትዪ ይሞታል። ኢንተር በነካሽ ቁጥር ሉፑ ለአፍታ ስለሚዞር የተጠራቀመችው ፒንግ መልስ ታገኛለች። ስታስቢ፣ ቡና ልትቀጂ ስትነሺ ግን መላሽ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ምክር ይከተልና ፒንጉን ጨርሶ ያጠፋዋል። እባክሽ አታድርጊው። ኤረሩ ይጠፋል፤ በሽታው ይቀራል። ፒንግ የምትጠቅምበትን ቦታ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። አንዱ ታስክ ሥራው መቀበልና ማሳየት ብቻ ነው፤ ኪቦርድ የሚባል ነገር አያውቅም። ሌላው ከኪቦርድ አንብቦ ይልካል፤ የመጣ መልእክት አይመለከተውም። ሁለቱን በአንድ ላይ ታስነሻቸዋለሽ። ይህን ብቻ አድርገሽ ኢንፑትን እንዳለ ከተውሽው ግን ምንም አይለወጥም። ሁለቱም ታስኮች የሚሮጡት በአንድ ኢቬንት ሉፕ ላይ ነው፤ ኢንፑት ሉፑን ሲይዘው ተቀባዩም አብሮ ይታሰራል። «አሲንክ አድርጌዋለሁ እኮ!» ብለው የሚጠይቁኝ ልጆች አብዛኞቹ የወደቁት እዚህ ጋ ነው። ፈንክሽን ፊት አሲንክ የሚለውን ቃል መጻፍ ውስጡ ያለውን ኢንፑት አይለውጠውም። ሉፑ ወደ ሌላ ሥራ መሄድ የሚችለው አዌይት፣ ማለትም «እኔ ልጠብቅ፣ ሌላው ይሥራ»፣ የሚል ቦታ ላይ ሲደርስ ነው፤ ተራ ኢንፑት ደግሞ አዌይት አይደረግም።

ስለዚህ ኢንፑትን ከሉፑ አውጥተሽ ለብቻው በሌላ ስሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሮጥ ሌላ የሥራ መስመር፣ ላይ አስቀምጪው። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ አሲንክአይኦ በሚባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ቱ-ስሬድ የሚባል ፈንክሽን አለ። ኢንፑትን በእሱ በኩል ትጠሪና ውጤቱን አዌይት ታደርጊያለሽ። ለውጡ አንድ መስመር ነው። ከዚያ በኋላ መልእክቶች በመጡበት ሴኮንድ ይታያሉ፤ ፖንግም በጊዜው ይሄዳል፤ 1011 አይመጣም።

ይህን ስታደርጊ ሁለት አዲስ ነገር ይገጥምሻል፤ ቀድሜ ልንገርሽ። የመጀመሪያው፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ክላየንትሽ አልዘጋም ይላል። ተቀባዩ ታስክ ጨርሷል፤ ስሬዱ ላይ ያለው ኢንፑት ግን አሁንም ኢንተር ይጠብቃል፤ ፓይተንም እሱን ሳይጨርስ አይወጣም። ስሬድን መሀል ላይ በግድ ማስቆም አይቻልም። ሁለተኛው ዓይን ላይ የሚታይ ነው። አንቺ «ነገ ስንት ሰዓት ላይ» ብለሽ መሀል ላይ ደርሰሻል። የጓደኛሽ መልእክት ይመጣና እዚያው መስመር ላይ ይለጠፋል፦ «ነገ ስንት ሰዓት ላይደርሻለሁ አንቺስ»። የጻፍሽው አልጠፋም፤ ተርሚናሉ ይዞታል። ስክሪኑ ግን ተበላሽቷል።

ለሁለቱም የምመክርሽ ፕሮምፕት-ቱልኪት የሚባለውን ላይብረሪ ነው። የራሱ የሆነ አሲንክ ፕሮምፕት አለው፤ ስሬድ አያስፈልግሽም፤ ስትሰርዢው ይሰረዛል። በተጨማሪ ፓች-ስታንዳርድ-አውት የሚባል ነገር አለው። መልእክት ሲመጣ የምትጽፊውን መስመር ለቅጽበት ያነሳዋል፣ መልእክቱን ከላይ ያሳያል፣ ከዚያ መስመርሽን ከነኩርሰሩ መልሶ ያስቀምጣል። ከዚህ በኋላ አወቃቀርሽ ቀላል ይሆናል፦ ሁለቱን ታስኮች አስነሺ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲጨርስ ሌላውን ሰርዢ፤ ውጪ።

ስለ ኖድ ጠይቀሻል። ኖድ ላይ ብትጽፊው ይህ ችግር ባልገጠመሽ ነበር። እዚያ ኪቦርድን የሚያነብበው ሪድላይን ከመጀመሪያውም መስመር ሲመጣ ይጠራሻል እንጂ አያስቆምሽም። ግን ተማሪ ነሽ። አንድ ፕሮግራም በሁለት ቦታ እንዴት እንደሚጠብቅ አሁን በእጅሽ ከገባሽ፣ ነገ ዳታቤዝ ስትጠብቂ፣ ፋይል ስታነቢ፣ ያው ነገር ነው የሚገጥምሽ። ስለዚህ ፓይተኑን ጨርሺው እላለሁ።

የሰርቨሩን ኮድ አልላክሽልኝም፤ ብዙ ጊዜ የማያቸውን ሁለት ስሕተቶች ልጠቁምሽ። የተገናኙትን ክላየንቶች ሴት በሚባለው የፓይተን ስብስብ ውስጥ ይዘሽ፣ መልእክት ሲመጣ አንድ በአንድ እየዞርሽ ትልኪያለሽ። ለአንዱ እየላክሽ ሳለ ሌላ ሰው ከወጣ ወይም ከገባ፣ ሴቱ እየዞርሽበት ሳለ መጠኑ ይለወጣልና ፓይተን ኤረር ይሰጥሻል። ሦስት ሰው ሆናችሁ ስትሞክሩ ላይታይ ይችላል፤ ሠላሳ ሰው ሲሆን ይታያል። ሌላው፣ አንዱ ክላየንት ዘገምተኛ ከሆነ ለእሱ መላኩ እስኪያልቅ ሌሎቹ ሁሉ ይጠብቃሉ። ላይብረሪው ለሁለቱም ብሮድካስት የሚባል ፈንክሽን አዘጋጅቷል፤ ማንንም ሳይጠብቅ ለሁሉም ይወረውራል። እሱን ተጠቀሚ። ሰው ሲወጣ ከሴቱ የማስወጣቱን መስመር ደግሞ ፋይናሊ በሚባለው የኮድ ክፍል ውስጥ አስቀምጪው። በሰላም ቢወጣም፣ በኤረር ቢወጣም ስሙ እንዳይቀር።

አሁን እውነተኛው የኔትወርክ ችግር ላይ እንምጣ። የአንቺ 1011 ከኮድሽ ነው የመጣው። ቻቱን ለሰው ስትሰጪው ግን ኔትወርኩም የራሱን ድርሻ ይዞ ይመጣል። መብራት ይሄዳል፤ ራውተሩ ይጠፋል። ጓደኛሽ ከቤት ዋይፋይ ወጥታ ታክሲ ውስጥ ወደ ስልኳ ሆትስፖት ትቀይራለች፤ አይፒ አድራሻዋ ይለወጣል። የቲሲፒ ኮኔክሽን ከአድራሻው ጋር የታሰረ ስለሆነ አሮጌው ኮኔክሽን እዚያው ይሞታል። ክፋቱ ማንም «ሞቷል» ብሎ ለሰርቨሩ አይነግረውም። የመሰናበቻ ፍሬም የምትላከው ፕሮግራሙ በሥርዓት ሲዘጋ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ማን ይልካታል? ሰርቨሩ ሰውዬው አለ ብሎ ያስባል፤ ዝርዝሩ ውስጥም ስሙ ይታያል። ሊኑክስ ወዲያኛው ጫፍ መኖሩን የሚጠይቅ የራሱ የቲሲፒ ማረጋገጫ አለው፤ ግን ፕሮግራሙ ካላበራው አይሠራም፣ ሲበራም ካልተለወጠ በቀር የመጀመሪያዋን ጥያቄ የሚልከው ከ7200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። ያቺ አታጥፊያት ያልኩሽ ፒንግ እዚህ ጋ ነው የምትፈለገው። በ40 ሴኮንድ ውስጥ የሞተውን ትለይልሻለች። ሰርቨርሽን ከኤንጂንኤክስ (ከፊት ሆኖ ተቀብሎ ወደ ሰርቨርሽ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ጀርባ ካስቀመጥሽውም ትጠቅምሻለች፤ ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር ከሰርቨሩ ለ60 ሴኮንድ ምንም ያልመጣበትን ኮኔክሽን ይዘጋል።

ክላየንቱ ደግሞ ሲቋረጥ ራሱ መልሶ ይሞክር። ከ1 ሴኮንድ በኋላ፣ ካልሆነ ከ2፣ ከ4፣ ከ8፣ እስከ 30 ድረስ። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ጨምሪበት። ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ ሁሉም ክላየንት በአንድ ሴኮንድ ተግተልትሎ ቢመጣ መልሶ ይጥለዋልና። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ዌብሶኬት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ያለፉ መልእክቶችን አያስቀምጥልሽም። ያለፈው አልፏል። እንዳያልፍ ከፈለግሽ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መልእክት ተከታታይ ቁጥር ይስጥ፤ የመጨረሻዎቹን መቶ ያህል ይያዝ፤ ክላየንቱ ሲመለስ «እስከ 57 ደርሶኛል» ይበለው። ከ58 ጀምሮ ይላክለታል።

በአማርኛ እንደምትጻጻፉ ከላክሽው ናሙና አይቻለሁ፤ ስለ ፊደላችን ጥቂት ልበል። ዌብሶኬት የጽሑፍ ፍሬም በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት መለወጫ ሥርዓት) መሆን አለበት ይላል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ደግሞ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» 9 ባይት ነው። ይህ ምንም ችግር የለውም። ችግሩ ጄሰን (መልእክትን አሽጎ መላኪያ የጽሑፍ ቅርጽ) ላይ ይመጣል። የፓይተን ጄሰን ካልተነገረው በቀር የእንግሊዝኛ ያልሆነውን ፊደል ሁሉ ወደ ስድስት ስድስት ምልክት ይለውጠዋል። ያው «ሰላም» 18 ባይት ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው በከንቱ እጥፍ ነው፤ ሎግ ስታነቢም ምን እንደተባለ አይገባሽም። ኢንሹር-አስኪ የሚለውን የጄሰን ምርጫ ፎልስ አድርጊው። የመልእክት ርዝመት ስትገድቢም በፊደል ቁጠሪ እንጂ በባይት አትቁረጪ። ፊደል መሀል ላይ የተቆረጠ ጽሑፍ ትክክለኛ ዩቲኤፍ-8 አይደለም፤ ተቀባዩ ወገን 1007 ብሎ ይዘጋብሻል። ሊኑክስ ላይ በተራ ኢንፑት ስትጽፊ አንድ ፊደል ለማጥፋት ባክስፔስ ስትነኪ ግማሽ የሆነ ምልክት ከቀረ ደግሞ፣ ተርሚናሉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑ አልተነገረውም ማለት ነው፤ አንዷን ባይት ብቻ እያጠፋ ነው። በኤስቲቲዋይ ትእዛዝ አይዩቲኤፍ8 የሚለውን ማብራት ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር ተርሚናል ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። ተርሚናል የሚደርሰውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ብቻ አያየውም። ኤስኬፕ በምትባለው ባይት፣ ቁጥሯ 27 ነው፣ የሚጀምር ነገር ትእዛዝ ነው፦ ስክሪኑን አጥፋ፣ ቀለም ቀይር፣ ኩርሰሩን ወደ ላይ ውሰድ። አንድ ተንኮለኛ መልእክቱ ውስጥ ይህን ቢያስገባ፣ ክላየንትሽም የመጣውን እንዳለ ካተመው፣ ያንቺን ስክሪን እሱ ይነዳዋል። ያልተባለ ነገር በጓደኛሽ ስም የተባለ አስመስሎ ከላይ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ከማተምሽ በፊት ከ32 በታች ያሉትን መቆጣጠሪያ ምልክቶች፣ 127ንና ከ128 እስከ 159 ያሉትንም ጨምረሽ፣ አውጪያቸው። ይህን ክላየንቱ ላይ አድርጊው፤ ሰርቨሩ አጣርቶልኛል ብለሽ አትመኚ። ስምን ግን ሰርቨሩ ይያዝ። ክላየንቱ በየመልእክቱ ስሙን የሚልክ ከሆነ ማንም የማንንም ስም መላክ ይችላል። መጀመሪያ ሲገባ አንዴ ይበል፤ ሰርቨሩ ከኮኔክሽኑ ጋር ያያይዘው፤ ከዚያ በኋላ ስሙን የሚለጥፈው ሰርቨሩ ብቻ ይሁን።

ዛሬ ማታ ግን ይህን ሁሉ አትንኪ። ኢንፑቷን ብቻ ከሉፑ አውጪያት። ከዚያ ሁለት ተርሚናል ክፈቺ፤ አንዱን ለጓደኛሽ ስጪያት። እጅሽን ከኪቦርዱ አንሺና ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምንም አትንኪ። ሁለት ደቂቃው ሲሞላ እሷ ሦስት መልእክት በተከታታይ ትላክ። ሦስቱም አንቺ ሳትነኪው ከታዩ፣ ኮኔክሽኑም ካልተዘጋ፣ ወደሚቀጥለው ሂጂ። ካልታዩ የሁለቱን ታስኮች ኮድና የላይብረሪውን ቨርዥን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።